ጎማ ያለው አያልፍም

ይህ ነገር የደረሰብኝ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ጦርነቱ ከውጫሌ ወደ ሐይቅ በገፋበት ሰሞን ነው። በዚያ ወር ከእኔ የከፋ ያየ ሰው ብዙ ነው፤ ቤቱ የተቃጠለበት አለ፣ ልጁን የቀበረ አለ። «አሁን የሕፃን ጋሪም ተብሎ ገጠመኝ ይጻፋል?» የሚለኝ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ይበል። እኔ ግን ያ ሰውዬ በደጄ ባለፈ ቁጥር እስካሁን ደሜ ይፈላል፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ጋሪው ለምን እንዳስፈለገኝ ልናገር። ተወልጄ ያደግኩት ሐይቅ ነው። ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ መስኮት ስወለውል ከመሰላል ወድቄ ወገቤ ተሰበረ። አሠሪዎቼ ትንሽ አሳከሙኝና ትኬት ቆርጠው ሸኙኝ። አገሬ የገባሁት ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ ስለ ፍቅርና ስለ መደመር በሚያወራበት ጊዜ ነው። የሚያጣላን ሁሉ ያለፈ ይመስል ነበር። እኔም አመንኩ፤ ምን ላድርግ። አግብቼ ሴት ልጅ ወለድኩ፤ ስሟ ሐያት ነው።

ሐኪሙ ገና ስወልድ «ይህን ወገብ ይዘሽ ልጅ እንዳታዝዪ፤ ዕቃም እንዳትሸከሚ» ብሎኛል። በእኛ አገር ልጇን የማታዝል እናት ምን እንደምትባል ለሴቶች መንገር አያስፈልገኝም። ገበያ ስወጣ አማቴ ያዝሉልኛል፣ እሳቸው ከደከሙ ጎረቤት ታዝልልኛለች፣ እኔ ባዶ ጀርባዬን ይዤ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። «ዓረብ አገር ደርሳ መጣችና ተሞላቀቀች» የሚሉኝም ነበሩ። ቅስሜን ነበር የሚሰብሩት።

ስለዚህ ጋሪ ላስመጣ አልኩ። ጅዳ የሰው ልጅ ስገፋ ነው የኖርኩት፤ በዚህ በኩል ማንም አያስተምረኝም። እዚያ የቀረችውን ጓደኛዬን ፋጡማን ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ እንድትፈልግልኝ ለመንኳት። እሷ በስልክ ፎቶ ትልካለች፣ እኔ አይሆንም እላለሁ። ባለ አራት ጎማዎቹ ሲያዩዋቸው ያምራሉ፤ ግን ጎማቸው ደቃቃ ፕላስቲክ ነው። እሱ ለእምነበረድ ወለል እንጂ ለእኛ ኮብልስቶን አይሆንም፤ ልጅቷን ሲያንገጫግጫት የጠባችውን ያስመልሳታል። የፈለግኩት ባለ ሦስት ጎማውን ነው። ጎማው ትልልቅ፣ ነፋስ የሚሞላ፣ ቢተነፍስ የሰፈራችን ጎሚስታ የሚለጥፈው። የፊተኛዋ ጎማ ደግሞ ሲፈለግ የምትዞር፣ ሲፈለግ ቀጥ ብላ የምትቆለፍ፤ አለዚያ ጠጠር ላይ እየተጣመመች ትሰነቀራለች። ፍሬኑ በእግር የሚረገጥ፣ ማሰሪያው በሁለቱም ትከሻ ወርዶ በጭን መሃል የሚያልፍ።

ፋጡማ «አንቺ፣ መኪና ነው እንዴ የምትገዢው?» ብላ ጮኸችብኝ። እኔ ግን አልለቀቅኳትም።

አማቴ እማማ ዘሀራ ፎቶውን ሲያዩ ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ባለ አራት እግር እያለልሽ ምነው ልጄ? ይኸ ይገለበጣል።»

«የተቀመጡበት በርጩማስ ስንት እግር ነው?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አዩት። «አንቺ እኮ ምላስሽ አላህ የሰጠሽ ነው» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ጋሪው የመጣ ዕለት ሰፈሩ ወጥቶ አየ። ልጆቹ «ባጃጇ መጣች! ባጃጇ መጣች!» እያሉ ከኋላዬ ተከተሉ። ሐያትን አስሬ እስከ ሐይቁ ዳር ገፋኋት። ልጄን ይዤ ብቻዬን ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። እንባዬ መጣ፤ ሰው እንዳያይብኝ አቧራ የገባብኝ መስዬ ጠረግኩት።

ጎረቤታችን ጋሼ እንድሪስም ያን ቀን በደጁ ቆሞ «ማሻአላህ! እንዲህ ነው እንጂ» ብሎኛል። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አንተም በዛበት። ሰውየው ባዕድ እንዳይመስላችሁ። ከጅዳ ስመለስ መራመድ ሲያቅተኝ ከመናኸሪያ እስከ ቤት ደግፎ ያስገባኝ እሱ ነው። በሐያት አቂቃም ቀን፣ ስም ወጥቶላት በግ ሲታረድላት፣ ከቤታችን በልቶ፣ ጭንቅላቷን ዳስሶ ዱዓ አድርጎላታል። ወገቤን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

የሸሸን ቀን የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ ቀረበ። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አዳማ እንዳለ መንገዱ ተዘጋበት። እማማ ዘሀራ «ላሚቱን ጥዬ የትም አልሄድ። አንቺ ልጅቱን አትርፊ» አሉ። ብለምናቸው፣ ባለቅስባቸው አልሰማ አሉ። ሐያትን ጋሪው ላይ አሰርኳት፣ ከሥር ውሃና በሶ አደረግኩ፣ ወደ ደሴ ከሚጎርፈው ሰው ጋር ወጣሁ። ፍርሃት ቢኖርም መንገዱን አልሰጋሁትም፤ ጎማዎቹን ዐውቃቸዋለሁና።

ከከተማው ወጣ እንዳልን ኬላ ላይ ገመድ ተወጥሯል። የሰፈር ጠባቂዎች «መንገዱ ለወታደር መኪና ይለቀቅ! ጎማ ያለው ነገር አያልፍም!» እያሉ ይጮሃሉ። ባጃጁ፣ የፈረስ ጋሪው፣ ብስክሌቱ ሳይቀር ከመንገዱ ዳር ተከምሯል። ገመዱን የያዘው ጋሼ እንድሪስ መሆኑን ሳይ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ወላሂ ብያለሁ።

«ጋሼ እንድሪስ፣ እኔ ነኝ።»

«አየሁሽ። ልጅቱን አውጪና እለፊ፤ ጋሪው ይቀራል።»

የሚቀልድ መሰለኝ። «ኧረ በአላህ! ይኸ እኮ የሕፃን ነው።»

«ጎማ አለው።»

«ወገቤን ያውቁት የለም እንዴ? በምኔ ልሸከማት?»

«ዐውቃለሁ፣ እህቴ። ለአንቺ ከፈቀድኩ ያ ሁሉ ባለ ጋሪ ይነሳብኛል። ትእዛዝ ነው» አለና ዓይኑን አሸሸ። ከኋላዬ ያለው ሰው «እለፊ እንጂ፣ ምን ትገትሪናለሽ!» እያለ ይገፋኛል። ማሰሪያውን ፈታሁ። ሐያት አልወጣም ብላ ቀበቶውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው። ጋሪውን እሱ ራሱ ወስዶ ከክምሩ ለብቻ አቆመው። ለምን ለብቻ እንዳቆመው ያኔ አላሰብኩም።

ስምንት ወር የሞላት ልጅ ናት፣ ገላዋ ሙሉ ነው። በደረቴ ያዝኳት፣ በጎኔ አደረግኳት፣ በትከሻዬ ሞከርኩ። ብዙም ሳልርቅ ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለና እግሬ ከዳኝ። መንገዱ ዳር ተንበረከክኩ። ሰው በላዬ ላይ እየተራመደ ያልፋል፤ በማን ልፍረድ፣ ሁሉም የራሱን ተሸክሟል።

ከዚያ አንዲት ሴት አጠገቤ ቆመች። አንገቷ ላይ ማተብ አስራለች፣ ጀርባዋ ላይ የዱቄት ከረጢት ተሸክማለች፣ አነጋገሯ የአምባሰል ደጋ ሰው ነው። «ምን ሆንሽ እቴ?»

«ወገቤ ስብራት አለበት። ማዘል አልችልም።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ከረጢቱን አውርዳ ከቦይው ዳር አስቀመጠችው።

«ኧረ ዱቄቱስ?» አልኳት።

«ዱቄት ምን አላት፣ ትቅር! ነይ የኔ እናት» ብላ ሐያትን በነጠላዋ አዘለቻት። ልጆቿ ከአባታቸው ጋር ቀድመዋታል፤ ያ ዱቄት ደሴ ሲደርሱ የሚበሉት ነበር። ይህን የነገረችኝ ቆይታ፣ ያውም እኔ ስጠይቃት ነው። እንጨት ፈልጋ አስያዘችኝና የእኔን ዝግታ ጠብቃ ተራመደች። ሐያት ጀርባዋ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ከኋላ ሆኜ የልጄን እግር እያየሁ ስሄድ ተመስገን አልኩ፤ ደግሞ በዚያው ቅናት ቢጤ አነቀኝ። የሰው ነገር እንዲህ ነው።

ደሴ መግቢያ ላይ ወታደር የጫኑ መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ መጡ። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፣ ተገፋፋ፣ የወደቀ ወደቀ። አቧራው ሲረግፍ ሴትዮዋ የለችም። ልጄም የለችም።

ያን ሰዓት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ስሟን አልጠየቅኳትም። ልጄን ስሟን ለማላውቃት ሴት ሰጥቼ ባዶ እጄን ቆሜያለሁ። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ «ሐያት! ሐያት!» አልኩ። የስምንት ወር ልጅ አቤት የምትለኝ ይመስል።

ክርስቲያን ናት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የት ትጠለላለች ብዬ እየጠየቅኩ በእንጨቴ ተጎትቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ግቢው በተፈናቃይ ሞልቷል። እኔ በሒጃቤ መሃላቸው ገብቼ ነጠላ የለበሰችውን ሴት ሁሉ እያዞርኩ ጀርባዋን አያለሁ። ማንም አልተቆጣኝም፤ እንዲያውም አብረውኝ ተጣሩ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት እጄን ያዙኝና «ልጄ፣ ያቺ ሴት አስተዋይ ከሆነች ያንቺን ልጅ እዚህ ምን ብላ ታመጣታለች? መስጊድ አይተሻል?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። መስጊዱ በር ላይ መግሪብ፣ የጀምበር መጥለቂያው ሶላት፣ ተሰግዶ ሰው ሲወጣ ደረስኩ። ሴትዮዋ ደረጃው ጥግ ተቀምጣ ለሐያት በጣቷ ውሃ ታቀምሳታለች። ስታየኝ ተነሥታ ጮኸችብኝ። «አንቺ የት ነው የጠፋሽው? የእስላም ልጅ እናት ከመስጊድ ሌላ የት ትሄዳለች ብዬ እዚሁ ደርቄ ቀረሁ እኮ!»

«እኔ ደግሞ አንቺን ስፈልግ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ» አልኳት። ትንሽ ተያየንና ሳቅን፤ ወዲያው ተቃቅፈን አለቀስን። ልጆቿን ልትፈልግ ቸኩላ ሄደች። ያኔም ስሟን ሳልጠይቃት ቀረሁ። በኋላ የአምባሰል ሰው ወደሚወጣበት ውጫሌ ገበያ ስንት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ «ማተብ ያሰረች የደጋ ሴት» ብዬ ማን ያገኛታል? የበደለኝን ሰው ግን ስሙን ከነአያቱ ዐውቀዋለሁ።

በማግስቱ ተፈናቃይ በሰፈረበት ትምህርት ቤት ግቢ ተኝቼ ሳለሁ የእንድሪስ ሚስት በበሩ ገባች። ጋሪዬን እየገፋች ነው። ሕፃን የያዘች መሰለኝና ማንን ይሆን አልኩ፤ ትንሽ ልጅ የላትምና። ቀረብ ስትል አየሁት። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ቴሌቪዥን ነው። ማሰሪያው በሁለቱም በኩል ወርዶ፣ በመሃል አልፎ፣ በሥርዓቱ ተቆልፏል።

መነሣት አልቻልኩም። ከተኛሁበት «ይኸ የልጄ ጋሪ ነው» አልኳት።

ቆመች፤ አፈረችም። «እንድሪስ ነው በኋላ በር አሳልፎ የሰጠኝ። ሜዳ ላይ ከሚቀር ብሎ ነው።»

«እሺ፣ አሁን ስጪኛ።»

ዙሪያውን አየች። ግቢው ጭቃ ነበር። «ታዲያ ቴሌቪዥኑን መሬት ላድርገው?» አለችኝ። ተናድዳ አልነበረም፤ ከልቧ ነበር የምትጠይቀኝ።  ከዚያ ጋሪውን ገፍታ ሄደች።

ደሴም አልቀረላት፤ ከዚያም ሸሸን። እኔን የማላውቃቸው ሰዎች በአይሱዙ አሳፍረውኝ ነው የወጣሁት። ጋሪውም ቴሌቪዥኑም ደሴ ቀሩ ይባላል። ደስ ይበለኝ ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

ስንመለስ እማማ ዘሀራ በሕይወት ቆዩኝ፤ ላሚቱ ግን የለችም። ወገቤ ከዚያ ቀን ወዲህ የባሰ ሆነ፤ ቀኝ እግሬ ይደነዝዛል። ሐያት አሁን ትሮጣለች፣ ማሻአላህ። ግን አልቅሳ መጥታ «እቀፊኝ» ብላ እጇን ስትዘረጋ ላነሳት አልችልም። በፊት ተቀምጬ እንኳ ከመሬት አነሣት ነበር። አሁን እሷው ናት ወደ እኔ የምትወጣው።

ባለፈው ዒድ ማግስት እንድሪስ ሽማግሌ ይዞ መጣ። «ጦርነት ነበር፣ ሁሉም ሰው ራሱን አጥቶ ነበር። አውፍ በዪው፣ ይቅር በዪው» አሉኝ። እሱ አንገቱን ደፍቶ «ትእዛዝ ነበር» አለ።

«ከእኔ መቀማትህ ትእዛዝ ይሁንልህ። ቴሌቪዥን እሰርበት ብሎ ያዘዘህ ማን ነው?» አልኩት።

 ሽማግሌዎቹ «ቢከብድሽም እንዲህ አይባልም» ብለው ያቀረብኩላቸውን ሳይቀምሱ ወጡ። እማማ ዘሀራም «አንቺ ልጅ፣ ልብሽ ድንጋይ ሆነ» አሉኝ። ሆኖ ይሆናል። አውፍ ማለት መልካም እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ ሞክሬያለሁም። ከአፌ እንኳ አልወጣልኝም።

ጠዋት ጠዋት በደጄ ሲያልፍ «አሰላሙ ዐለይኩም» ይለኛል። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና እመልስለታለሁ። ከዚያ በላይ ለእሱ አንዲት ቃል የለኝም።