የኋላው ሜዳ የሰይድ ነው

መርሳ ላይ የባድሚንተን አሰልጣኝ ሆኜ በተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ቀን መረቡን በመረብ ኳስ ቁመት ሰቀልኩት። ተማሪዎቹ ወደ ሰማይ እየተንጠራሩ ይመታሉ፤ እኔ «ጉልበት ጨምሩ!» እያልኩ እጮሃለሁ። የባድሚንተን መረብ ከአዋቂ ሰው ትከሻ ብዙም እንደማይበልጥ በስልጠና ተምሬ ነበር። የረሳሁት የራሴ ትከሻ ከወገብ ብዙ ስለማይርቅ ይሆናል፤ አጭር ነኝ።

የተቀደደ መረብ እንዲሰፋ የተጠራ ሰይድ የሚባል ልብስ ሰፊ የመለማመጃው በር ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ስማ አሰልጣኝ፣ ግመሎቹ በስንት ሰዓት ነው የሚያልፉት?»

«የምን ግመል?»

«በዚህ መረብ ሥር ጨው ጭነው ሊያልፉ ነዋ!»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ሊጎበኘኝ የመጣው የስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊም ሳቀ። ተናድጄ ራኬቴን ለሰይድ ወረወርኩለት፤ «ና፣ አንተ ምታና አሳየን!» ቁመቱ እንደ ስልክ እንጨት ነው። መረቡን አወረደና ኳሷን አንዴ ሲመታት ግድግዳውን አንቀጠቀጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥንድ ሆንን።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው፣ ኳሷ ላባ የተሰካባት ቀላል ነገር ናት፤ እኛም «ላባ» እንላት ነበር። ነፋስ ስለሚወስዳት የምንጫወተው አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ወለሉ ላይ ማሽላ ስለማይጠፋ ከጨዋታ በፊት ይጠረጋል። ዋና አሰልጣኙ እኔ ነበርኩ። ምክትሉም፣ ጠራጊውም እኔው።

በነጠላ ጨዋታ መሳቂያ ነበርኩ። ወልድያ ላይ ለዞን ውድድር የቀረብኩ ዕለት ላብ ሳላወጣ ተሸንፌ ስወጣ፣ ዳኛው «አሟሙቀው ጨረሱ? እንጀምር?» አለኝ።

በጥንድ ግን ሌላ ሰው ነበርኩ። ስናጠቃ አንዱ መረቡ ሥር፣ ሌላው ከኋላ ይቆማል። የፊተኛው ወደ ኋላ አይዞርም፤ ከዞረ ቀጣዩን ምት አያየውም። ከራሱ በላይ ያለፈችውን ላባ ለጓደኛው ይተዋል። መምታትን ተማሪ ቶሎ ይማረዋል፤ መተው ነው ዓመታት የሚፈጀው። እኔ በመተው የተካንኩ ነኝ፤ ሚስቴም ትመሰክራለች።

ስንከላከል ደግሞ ጎን ለጎን እንቆማለን፤ ያኔ ከእኔ በኩል የወደቀችው ሁሉ፣ የኋላዋም ጭምር፣ የእኔ ናት። ሰይድ ግን እግሩ ረጅም ስለሆነ የእኔንም ድርሻ ያነሳ ነበር። ከኋላዬ የጫማውን ድምፅ ስሰማ ልቤ ያርፋል።

ደሴ ላይ ዋንጫ አነሳን። ይዘን ስንገባ የሰይድ እናት እማማ ዘይነባ አገላብጠው አዩትና «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የዘለላችሁት? እንቁላል እንኳ አይቀቅልም» አሉን።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲወርድ መጋዘኑ በተፈናቃይ ሞላ። መረቡን ዘርግተን፣ ላዩ ላይ ጋቢ ጥለን ለአራሶች መጋረጃ አደረግነው። ብዙም ሳይቆይ የመርሳ ተራ ደረሰ። ሰው ሁሉ በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ ጎረፈ።

እማማ ዘይነባ መራመድ አይችሉም ነበር። መኪና ብንፈልግ ጠፋ።

«በቃሬዛ እንሸከማቸው» አልኩት ሰይድን።

እማማ መደቡ ላይ እንደተቀመጡ «ወላሂ በሕይወቴ ቃሬዛ ላይ አልወጣም! ለእሱ ጊዜ አለው» አሉ።

ሰይድ ሳቀ። «ጌቾ፣ አንተ ሚስትህን ይዘህ ፊት ሂድ። ኋላውን እኔ እይዘዋለሁ።»

«ትችላለህ?»

«መቼ ዞረህ ታውቅና!»

ሄድኩ።

መንገዱ ሲከፈት ተመለስኩ። የመጋዘኑ ጣሪያ ተበሳስቷል። የሰይድ የስፌት መኪና ተወስዷል። እማማ ዘይነባን ጎረቤት ሲያበላቸው ከርሟል። ሰይድ ግን የለም። ለእናቱ መድኃኒት ሊፈልግ ወደ ግራና ከተማ እንደ ወጣ ቀርቷል። አንዱ ግራና ወፍጮ ቤት በር ላይ አየሁት አለኝ። ሌላው ውርጌሳ መንገድ ላይ አለኝ። ሁለቱም ጋ ሄድኩ። ሆስፒታል ጠየቅኩ፣ እስር ቤት ጠየቅኩ፣ አዲስ መቃብር ካለበት ሁሉ ቆሜ ጠየቅኩ። ሞቷል ያለኝ የለም። አለ ያለኝም የለም።

ጣሪያው ሲጠገን የጽሕፈት ቤቱ አዲሷ ኃላፊ አስጠራችኝ።

«ጋሽ ጌታቸው፣ ልጆቹ እንዲነቃቁ ማሳያ ጨዋታ ይጫወቱልን። ከመምህር ሄኖክ ጋር ይጣመሩ።»

«እኔን አይተው የሚነቃቁ ከሆነማ ተስፋ የላቸውም» አልኳት። ግን እሺ አልኩ።

ሄኖክ ጎበዝ ተጫዋች ነው፤ ድርሻውን ያውቃል፣ የሰው ድርሻ አይነካም። ጎን ለጎን ቆመን ስንከላከል አንዲት ላባ በራሴ ላይ አለፈች። ተውኳት። ወለሉ ላይ ጠብ አለች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ነበረች!»

«አውቃለሁ።»

ሁለተኛዋም መጣች፤ ተውኳት። ተጋጣሚዎቻችን የአሥረኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ርኅራኄ የሚባል አልፈጠረባቸውም። ቀዳዳውን አገኙና ሁሉንም ወደዚያ መስደድ ጀመሩ። እኔም ሁሉንም ተውኩ። ጆሮዬ ጫማ ይጠብቃል።

ኃላፊዋ ጨዋታውን አስቆመች። «ምነው ጋሼ፣ አመመዎት? ለምን ወደ ኋላ አይሉም?»

«የኋላው ሜዳ የሰይድ ነው» አልኳት።

ቀልደኛ መሆኔን ስለሚያውቁ ሊስቁ የጀመሩ ነበሩ። አልጨረሱትም። ራኬቱን ለሄኖክ ሰጥቼ ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ሜዳ አልገባሁም።

ለወጣት ጥንዶች የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ጓደኛችሁ የሚያነሳላችሁንም ላባ ራሳችሁ ማንሳት ልመዱ። እኔ አልለመድኩም፤ አሁን ደግሞ ጉልበቱ የለም።

አምና የሰፈሩ ሽማግሌዎች እማማ ዘይነባ ዘንድ ተሰበሰቡ። «ሰደቃ ይውጣለት፣ ዱዓ እናድርግለት፤ እስከ መቼ እንዲህ ይኖራሉ?» አሏቸው። ሰደቃው ከወጣ ሰይድ ሞተ ማለት ነው። ጎረቤቶች ድርሻ ተከፋፈሉ፤ አንዱ ፍየሉን፣ ሌላዋ ዱቄቱን ያዙ። እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሁለት ኪሎ ስኳር ያንተ ነው፣ ልጄ። ሰደቃው ስኳሩን ባመጣህ ማግስት ይሁን።»

እሺ አልኩ።

ዛሬም ዓርብ ዓርብ እጠይቃቸዋለሁ። ሱቁ ከበራቸው ፊት ለፊት ነው። ሳሙና እገዛለሁ፣ ዳቦ እገዛለሁ፣ ክብሪት እገዛለሁ። ባለሱቁ «ሌላስ?» ሲለኝ «በቃኝ» እላለሁ። እማማ ዘይነባ የያዝኩትን ፌስታል በዓይናቸው ይፈትሹና «አልሐምዱሊላህ፣ ግባ» ይሉኛል። ስኳሩ እስካሁን አለብኝ።