የሦስቱ ጣሳ ውሃ ነገር

ልጅ ሳለሁ እንደ አያቴ የሚያናድደኝ ሰው አልነበረም። ሐርቡ ውስጥ ተረት አዋቂ ይሏቸው ነበር፤ እኔና የአጎቴ ልጅ እንድሪስ ግን አንዲቱን ተረታቸውን ጫፏን ሳናይ ነው ያደግነው። ያኔ መግሪብ ተሰግዶ እንዳበቃ ግቢው ውስጥ ፍም ከበን እንቀመጣለን፤ በቆሎው ይንጣጣል፣ ኩራዙ እየጤሰ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ እሳቸውም ጋቢያቸውን ሰብስበው ያችኑ የወተት ተረት ይጀምራሉ። ሌላ ተረት ስንለምን «እሷ ሳታልቅ?» ይሉናል፤ እንዳታልቅ ያደረጓት ራሳቸው ሆነው ሳሉ።

ተረቱስ ቢያስጨርሱን አጭር ነበር። አንድ ሰው አሥር ጣሳ የሚይዝ ገንቦ ሙሉ ወተት በአህያ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ገበያ ይሄዳል። ፀሐዩ ሲበረታበት አንድ ጣሳ ወተት ይጠጣና ጉድለቱ እንዳይታወቅበት ከቦርከና ወንዝ አንድ ጣሳ ውሃ ይሞላበታል። አህያዋ ስትራመድ ገንቦው እየተናጠ ውሃውና ወተቱ ይዋሃዳሉ። ትንሽ እንደሄደ አሁንም ይጠማዋል፤ አሁንም አንድ ጣሳ ጠጥቶ አንድ ጣሳ ውሃ ይጨምራል። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጎ ገበያው ሲደርስ አዛን ይሰማል፤ ይደነግጣል፤ ለገዢዋ ሴት እውነቱን ሊነግራት ይቆርጣል። «ወላሂ፣ ሦስት ጣሳ ውሃ አለበት» ብሎም ይምልላታል።

እዚህ ላይ አያቴ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ «ማለ። በእውነት ማለ ወይስ በሐሰት?» ይላሉ።

«በእውነት ነዋ! ሦስት ጨመረ፣ ሦስት አለበት። ወተቱ ሰባት ነው» እንላለን እኔና እንድሪስ እየተሻማን።

«አይደለም። ሁለተኛው ጣሳ ከአፉ ሲገባ ቀጠን አላለበትም? የጨመረውን ውሃ ከፊሉን መልሶ ራሱ ጠጥቶታል እኮ። ታዲያ ስንት ቀረ?»

እንድሪስ ስምንት ይላል፣ እኔ ሰባት ተኩል እላለሁ፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «አባባ፣ መልሱን ይንገሩና» ስንላቸው «እናንተ አይደላችሁ ተማሪዎቹ?» ይሉና ይነሳሉ። ሴትየዋ ወተቱን ገዛች? ሰውየውን አስያዘችው? ምንም! ያኔ ሌሎች ልጆች በጅብ ተረት ፈርተው ይተኛሉ፣ እኔ በሒሳብ ተናድጄ እተኛለሁ። አንድ ማታ እንዲያውም አለቀስኩ፤ እሳቸው «አብሽሪ፣ ነገ ታገኚዋለሽ» ብለውኝ ወደ ቤት ገቡ።

አደግን፣ ተረቱም ተረሳ። ደሴ ተምሬ ዲግሪዬን ከያዝኩ በኋላ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ እህቴ ቤት ተቀመጥኩ። እህቴ ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም፤ ባሏ ግን ማታ ማታ «ዛሬስ ማስታወቂያ ወጣ?» ማለት ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ለአፕቲትዩድ ፈተና ጠራኝ። እንደ ሥራው የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ፈተናው መሐል ላይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። አርባ ሊትር ወተት ካለበት ዕቃ አራት ሊትር ወጥቶ በውሃ ተተካ፤ ይህ ሦስት ጊዜ ተደረገ፤ የቀረው ወተት ስንት ነው? የመጀመሪያው ምርጫ ሃያ ስምንት ይላል፤ የልጅነቴ ሰባት ጣሳ በአራት ተባዝቶ መጣልኝ። ልከብበው እጄን ስዘረጋ «ቀጠን አላለበትም?» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። እርሳሴን አስቀምጬ ከአህያዋ ጋር መንገዱን ከሐርቡ ጀመርኩት። መጀመሪያ የጠጣው ንጹህ ወተት ነው፤ ሠላሳ ስድስት ቀረ። ሁለተኛው ላይ ከወተቱ የሚወጣው አሥረኛው እጅ ብቻ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ነጥብ አራት። ሦስተኛውም እንዲሁ፤ ሃያ ዘጠኝ ነጥብ አንድ ስድስት። እየሰረዝኩ እየደለዝኩ ቆይቼ አገኘሁት፣ ከበብኩት፣ በደስታም ቀና አልኩ። ፈታኙ «ጊዜ አልቋል» አለ። አሥራ አምስት ጥያቄ ገና አላየሁም ነበር።

ውጤቱን መጠበቅ አላስፈለገኝም። ወደ ደሴ መመለሱን ትቼ በቀጥታ በሐርቡ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ መንገዱን ሙሉ ሊትሩን ወደ ጣሳ ስመልስና የምናገረውን ስደረድር ነበር። አያቴ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የመስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ «አባባ፣ በእርስዎ ወተት የተነሳ ሥራ አመለጠኝ!» አልኳቸው። የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩት።

ስለ ሥራው አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ጎንበስ ብለው «አገኘሽው? ስንት ነበር ውሃው?» አሉኝ።

«ሁለት ጣሳ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሩቡና ትንሽ የጎደለው። ሦስት አይሞላም።»

«ሦስት አለመሙላቱንማ ምላሴ ነግሮኛል፤ ልኩን ነው ያጣሁት» አሉ። መስበሃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረውም «ሴትየዋማ ‹እውነቱን ከነገርከኝ ይበቃኛል› ብላ ወሰደችልኝ። ዱዓም አደረገችልኝ። እኔ ግን በአላህ ስም የማልኩት ልኩን ሳላውቀው ነበር» አሉኝ።

ሰውየው እሳቸው ነበሩ። ያን ሁሉ ምሽት የጠየቁን መልሱን ስላላወቁት ነበር። አዘንኩላቸው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። «ታዲያ አላውቀውም አይሉንም ነበር?» ብላቸው «ተረት አዋቂው አላውቅም ካለማ ማን ይሰማዋል?» ብለው ሳቁብኝ።

የዚያን ቀን ፈተና ወደቅሁ፤ ከመንፈቅ በኋላ ሌላ ቦታ አለፍኩ። እህቴ ቤትም የሚጠይቀኝ ቀረ። አሁን ለበዓል ሐርቡ ስሄድ አያቴ ለእንድሪስ ልጆች ያንኑ ተረት ሲነግሩ እሰማለሁ። ተረቱ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ልጆቹን ምንም አይጠይቋቸውም፤ ልጆቹም በቆሏቸውን እየፈለፈሉ ግማሹን አይሰሙትም፣ እኔ ስንት ዓመት የተናደድኩበትን! ሰውየው ለሴትየዋ ሲምል ግን እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። «ወላሂ፣ ሁለት ጣሳ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሩቡና ትንሽ የጎደለው።» ብዙ ነገር መርሳት ጀምረዋል፤ ስሜንም አንዳንዴ ከእህቴ ስም ይቀላቅሉታል። ያችን «ትንሽ» ግን አንድም ቀን ረስተዋት አያውቁም።