ገና ላልመጣው ልጅ

እናቴ ከእኔ በኋላ የወለደቻቸውን ልጆች አከታትላ ቀበረች። ደህና ይወለዱና ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፤ ጡት ይተዋሉ፤ ለክርስትና ሳይደርሱ ያልፋሉ። ሰፈሩ ሾተላይ አለባት አለ። የመጨረሻዋ እህቴ ስትወለድ እናቴ ጆሮዋን በሳቻት፤ እንደ ወጉም ለጎረቤት በእፍኝ ጤፍ ሸጠቻት፤ የራሷ እንዳልሆነች አድርጋ አሳደገቻት። እህቴም ተረፈች። እናቴ እስክትሞት ድረስ የዚያችን ጎረቤት እጅ ስማ አትጠግብም ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው። ቀን ቀን ሰበታ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተሸመነውን እየፈተሽኩ፣ ማታ ማታ በብዙ ዓመት ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር እማር ነበር። ክፍል ውስጥ እምብዛም እጄን አላወጣም። የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ደም ዓይነት ያስተማሩን ቀን ግን ደጋግሜ አወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የምትገኝ አንዲት ፕሮቲን አለች። ያለችባቸው ሰዎች ፖዘቲቭ፣ የሌለችባቸው ኔጌቲቭ ይባላሉ። ኔጌቲቭ እናት ፖዘቲቭ ልጅ ስትወልድ ከልጁ ደም ጥቂቱ ወደ እሷ ሊገባ ይችላል። ሰውነቷም ያቺን ፕሮቲን እንደ ባዕድ ይቆጥርና የሚያጠፋትን ሌላ ፕሮቲን፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውን፣ መሥራት ይማራል። የፊተኛው ልጅ በዚያን ጊዜ ተወልዶ አምልጧል። የሚመታው ከኋላው የሚመጣው ነው።

«ልጁም እንደ እናቱ ኔጌቲቭ ከሆነስ?» አልኳቸው።

«ምንም አይነካውም» አሉኝ።

በቤታችን ፊተኛዋ እኔ ነኝ። የእናቴን ደም ያስተማረው የእኔ ደም መሆኑ ነው። እህቴን ያተረፋት ደግሞ ጤፉ ሳይሆን ያቺ ፕሮቲን በደሟ ውስጥ አለመኖሯ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ይህን የምነግራት እናት ግን አልነበረችኝም።

እህቴ አግብታ ስታረግዝ የጤና ጣቢያው ምርመራ ኦ ኔጌቲቭ መሆኗን አሳየ። ግምቴ ልክ ሆኖ እንደዚያ የከፋኝ ጊዜ የለም። ባሏ ፖዘቲቭ ነበር።

የወለደችው ከተማዋን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ በበረታበት፣ መንገዱ በድንጋይና በሚቃጠል ጎማ በተዘጋበት ሰሞን ነው። ፋብሪካችን ሥራ አቁሟል። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ገላን ላይ ቀርቷል። ልጁ ወንድ ነው፤ ጩኸቱ ሰፈር ያዳርሳል። አዋላጇ ደሙን አስመርምራ ፖዘቲቭ ነው አለችን። በሦስት ቀን ውስጥ እናትየው መርፌ መወጋት አለባት፣ እኛ ጋ የለም፣ አዲስ አበባ ይገኛል ብላ ማዘዣ ጻፈችልኝ።

እህቴ የምትታረሰው አማቷ ቤት ነበር። አማቷ ከከተማው ጫፍ ማሳ ያላቸው ባልቴት ናቸው፤ ፕላኑ ማሳቸውን እንዳይወስድባቸው እሳቸውም ይሰጋሉ። እህቴ «ሀርሜ» ትላቸዋለች፣ እናቴ ማለት ነው፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ስለ ፕሮቲኑና ስለ ፀረ እንግዳ አካሉ ሥርዓቱን ጠብቄ አስረዳኋቸው። ሾተላይ የሚለውን ቃል ግን አውቄ ተውኩት፤ የአላዋቂ ቃል ይመስለኝ ነበር። በአክብሮት ሰሙኝና ገንፏቸውን ማገንፋታቸውን ቀጠሉ።

«መምህሯ መጣችልን» አለች እህቴ ከአልጋዋ። «ከልጄ ይልቅ የልጄ ደም ነው የሚያሳስባት።»

«ልጁ ይጮኻል፣ እሷም ትበላለች» አሉ ሀርሜ። «የታመመ በሌለበት ቤት መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል? ያውም በዚህ ሰሞን?»

እውነታቸውን ነው። እህቴ አልታመመችም። መርፌው ገና ላልተፀነሰ ልጅ የሚወጉት ነው፤ ቀኑ ካለፈ ደግሞ ምን እንደቀረብን የምናውቀው ያ ልጅ ሲታመም ነው። ይህን እንዴት አድርጌ እንደምናገረው ጠፋኝና የእናቴን ታሪክ ነገርኳቸው። ማማሰላቸውን አቆሙ።

«ፊተኛው ተርፏል አልሽ?»

«ፊተኛዋ እኔ ነኝ፣ ሀርሜ። ይኸው ፊትዎ ተቀምጫለሁ።»

የአንዲት ጎረቤታቸውን ነገር አወሩኝ። የሷም ፊተኛ ልጅ አድጓል፤ የኋለኞቹ አልቀዋል። ሾተላይ ፊተኛውን አይነካም ሲባል ይሰማሉ፤ ለምን እንደሆነ የነገራቸው ግን የለም። ያኔ ከአፌ ያራቅኩትን ቃል ራሴ አነሳሁት። መርፌው የሾተላይ ነው አልኳቸው። ውስጡ ያለው ከሌሎች ሰዎች ደም የተጣራ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ወደ እህቴ የገባውን የልጁን ደም ሰውነቷ ሳይነቃበት ጠርጎ ያስወጣዋል። ማማሰያውን እህቴን ልታርስ ለመጣችው ለአክስታችን ልጅ ሰጡና ነጠላቸውን አነሱ። ብቻሽን አያሳልፉሽም አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት እስከ ዓለም ገና በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ያን ሰዓት መንገዱን የዘጉት ሰው አይከለክሉም ነበር። አየር ጤና ከገባን በኋላ ሁለት መድኃኒት ቤት የለም አሉን፤ ሦስተኛው ጋ አገኘን። የመድኃኒት ቤቷ ሴት መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም ስትለኝ በመርፌውና በበረዶው መሀል ምን ያህል ጨርቅ እንደሚገባ ጠየቅኳት። ጠቅልለን ፔርሙስ ውስጥ ከበረዶው በላይ አስቀመጥነው።

ስንመለስ የመንገዱ ቁጥጥር ጠብቋል። ድንጋዩ አጠገብ የቆሙት ወጣቶች ዕቃ ይፈትሹ ነበር። አንዱ ፔርሙሴን ተቀበለኝ።

«ሻይ ልትሸጪልን ነው?»

«በረዶ ነው» አልኩት።

ተሳሳቁ። «እኛ ጎማ እናቃጥላለን፣ እሷ በረዶ ታመላልሳለች» አለ ሌላው። የመጀመሪያው ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ያያል። እኔ የማስበው ስለ ሙቀቱ ብቻ ነበር። ክደነው ብዬ ብናገረው ደግሞ የባሰ ያቆየዋል።

«መድኃኒት ነው? ማን ታሞ ነው?»

ውሸት አልሆነልኝም። «የታመመ የለም» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ።

ሀርሜ እንደ ወጋቸው ለሰላምና ለልመና የሚያዘውን እርጥብ ሣር ከመንገዱ ዳር ነጭተው በእጃቸው ይዘዋል። በኦሮምኛ ተናገሩት፤ እኔም የምችለውን ያህል ሰማሁ።

«መሬቱን የምትጠብቁት ለማን ነው?» አሉት።

«ለልጆቻችን ነዋ፣ ሀርሜ።»

«ይኼም ለእሱ ነው። ለሚመጣው። የሾተላይ መድኃኒት ነው፤ ሳይሞቅ ክደነው።»

ልጁ ከደነው። ፔርሙሱን ለእኔ ሳይሆን ለሳቸው በሁለት እጁ አቀበላቸውና ከድንጋዮቹ አንዱን በእግሩ ገፋ አድርጎ አሳለፈን። አክስቱም ሾተላይ እንደነበረባት ከኋላችን ለጓደኛው ሲያወራ ሰማሁት።

እህቴ ጤና ጣቢያ ሄዳ በጊዜው ተወጋች። አዋላጇ መርፌውን በብርሃን አይታ፣ ቅዝቃዜውን በመዳፏ ዳስሳ፣ ደህና ነው አለች።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ድጋሚ አረገዘች። ያን ጊዜ መንገዱ ክፍት ነው። ደሟ ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶ እንደሆነ ለማየት ወደ ከተማ ይዣት ሄድኩ። ሀርሜም አልቀርም ብለው መጥተው ደጅ አግዳሚው ላይ ይጠብቁን ነበር። ውጤቱን ሁለት ጊዜ አንብቤ ወጣሁ።

«ምን አገኙባት?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም፣ ሀርሜ።»

መሬቱን በእጃቸው ነክተው ግንባራቸውን ነኩ።

ልጅቷ በሰኔ ተወለደች፤ ዓይኗ ነጭ፣ ጡት የማትተው። የእሷም ደም ፖዘቲቭ ስለሆነ እህቴ እንደገና መወጋት ነበረባት። መርፌውን ቀድመን ገዝተን አስቀምጠናል፤ የጎረቤቱን ፍሪጅ የለመኑት ሀርሜ ናቸው።

«ሦስተኛ እወልዳለሁ ያለው ማነው?» አለች እህቴ።

«አንቺ ክንድሽን ስጪ» አሏት።