ቆጮ በሦስት ቀን

ቂመኛ ነኝ፤ አልክድም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ነገሩ የተጀመረው ቴሌግራም ላይ ነው። ስለ ሀዲያና ከምባታ አኗኗር እየጻፍን ኢንተርኔት ላይ በነፃ የምንለጥፍ በጎ ፈቃደኞች ነበርን፤ አብዛኞቹ ወንዶች። እኔ ሆሳዕና አስተማሪ ነኝ። የያዝኩት እንሰትን ነበር። በየቅዳሜው ሆመቾ አክስቴ ጓሮ እየሄድኩ፣ አብሬያት እየፋቅኩ፣ ሲጨመቅ፣ ሲቀበር፣ ሲገላበጥ እያየሁ ክረምት ከበጋ ጻፍኩት። ከሥሩ የእኔንና የአክስቴን ስም አሰፈርኩ። አክስቴ ማንበብ አትችልም። ስሟ የቱ ጋ እንዳለ ስልኬ ላይ ሳሳያት በጣቷ ዳሰሰችው።

የግሩፑ አድሚን የቢሮ ሰው ነው፤ ከረባት የማይለየው፣ ቃሉ የሚሰማ። መጀመሪያ "ጎበዝ እህቴ" ይለኝ ነበር። ቀጥሎ በውስጥ መስመር "ፎቶሽ ያምራል"፣ "አሁን ብቻሽን ነሽ?" ማለት ጀመረ። "ወንድሜ፣ ስለ እንሰት ከሆነ ግሩፑ ላይ ጻፍልኝ" አልኩት። በማግስቱ ጽሑፌን ስከፍት ስማችን የለም። የእሱ ስም ገብቷል። ጽሑፉንም "አስተካክሎታል"፤ ቆጮ ጉድጓድ በገባ በሦስተኛው ቀን ለምግብ ይደርሳል ይላል።

ሦስት ቀን! የጤፍ ሊጥ መስሎት እኮ ነው። በእኛ አገር እንሰት ሲፋቅ ወንድ አጠገቡ ዝር አይልም፤ ነውር ነው። ዕድሜ ልኩን በአይብና በክትፎ ሲበላው የኖረ ሰው፣ ሴቶቹ ስንት ወር እንደጠበቁት አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። አረምኩት፤ መለሰው። ደግሜ አረምኩት። ግሩፑ ላይ "እህታችን ያለ ምንጭ ትጨቃጨቃለች፤ ፎቶ ብታነሳልን ይበቃናል" ብሎ ጻፈ። ወንዶቹ የሳቅ ምልክት ደረደሩበት። "ኧረ ተው" ያለ አንድ ሰው ጠፋ! ለአክስቴ ስምሽ ተሰረዘ ብዬ እንዴት ልንገራት?

ዝም አልኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። እሱ ግን የተሸነፍኩ መሰለው።

ብዙም ሳይቆይ ሥራችንን ለሕዝብ ልናሳይ አዳራሽ ተያዘ። ስለ እንሰት የሚያቀርበው እሱ ነው። እንግዳ መጥራትና ማስተናገድ "የሴት ሥራ ነው" ተብሎ ለእኔ ተሰጠኝ። እሰይ! ከሆመቾም ከሾኔም እንሰት ሲፍቁ ያረጁ እናቶችን ለቅሜ ጠራሁና ከአክስቴ ጋር የፊት ወንበር ላይ ደረደርኳቸው። ከመጀመሩ በፊት ስህተቱን እንደገና ልነግረው እችል ነበር። ውሃ ብቻ አቀረብኩለት።

"በሦስተኛው ቀን" ሲል የፊቱ ረድፍ ተንጫጫ። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና በሀዲይኛ፣ "ልጄ፣ እናትህ ጥሬውን እያበላች ነው እንዴ ያሳደገችህ?" አለችው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከቢሮ የመጣው የገዛ አለቃው ሳይቀር የሳቅ እንባውን ይጠርጋል። አድሚናችን ላቡ ችፍ ብሎ ወደ እኔ ዞረና "እህታችን ታብራራው" አለ። "እኔ ፎቶ ብቻ ነው የማነሳው" አልኩና እዚያው እንደቆመ አነሳሁት። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ!

ያን ቀን ማታውኑ ስማችን ተመለሰ፤ ሲስቁብኝ የነበሩትም አፍረው በእሱ ቦታ አድሚን አደረጉኝ። መጀመሪያ የሠራሁት ነገር ቢኖር የግሩፑን ሴቶች አንድ በአንድ "አንቺንም ብቻሽን ነሽ ብሎሽ ያውቃል?" ብዬ መጠየቅ ነው። እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከዱራሜ አንዷ፣ ከአዲሎ ሌላዋ፣ መጻፍ ያቆሙት ሁሉ ስክሪንሾት ላኩልኝ። አንዷማ በእሱ ምክንያት ቁጥሯን ቀይራለች። ስማችንን ሸፍነሽ ለጥፊው አሉኝ።

ወሬው ሳይደርሰው አልቀረም፤ ደወለ። "በእናትሽ፣ ባለትዳር ነኝ። አማኝ አይደለሽም እንዴ? ይቅር ማለት አልተማርሽም?"

"የይቅርታውን ነገር እሁድ እናወራለን" አልኩት፤ "ዛሬ ሐሙስ ነው።"

ዘጋሁትና ለጠፍኩት።