እትዬ ቆይ እና ዝም ያለው ሰርቨር

የአውቶቡስ ድርጅቱ ሠራተኞች «እትዬ ቆይ» ይሏታል። የትኬት ሽያጩን መረጃ የያዙት ሰርቨሮች በእሷ እጅ ናቸው። አንዱ ዝም ባለ ቁጥር ቢሮው ሲንጫጫ እሷ «ቆይ» ትላለች፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ ወጣላት።

መረጃው በሁሉም ሰርቨሮች ላይ ተባዝቶ ተቀምጧል። አንዱ ድምፁን ሲያጠፋ ሌሎቹ ጥቂት ይጠብቁና «ሞቷል» ብለው ድርሻውን እንደገና መቅዳት ይጀምራሉ። ግን ስንት ይጠብቁ? ፀጉሯን ያስሸበተው ይኸው ጥያቄ ነው።

ባለፈው ወር ሥራ አስኪያጁ «ቶሎ ይቀዳ እንጂ፣ ምን ያስጠብቀናል!» እያሉ ቢነዘንዟት የጥበቃውን ጊዜ አሳጠረችው። ብዙም ሳይቆይ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለል ስትወለውል ኬብል ነካች። ሰርቨሩ ላንድ አፍታ ጠፍቶ ተመለሰ፤ ሌሎቹ ግን ቀብረውት ውርሱን መከፋፈል ጀምረው ነበር። ቅጂው የኔትወርክ መስመሩን አጨናንቆት እነሱም ተራ በተራ ወደቁ። መንገደኛው ሻንጣውን ታቅፎ በየመስኮቱ ሲራገም አረፈደ። የጽዳት ሠራተኛዋ በድንጋጤ አለቀሰች።

«ተይ እህቴ፣» አለቻት እትዬ ቆይ፣ «በመወልወያ የሚፈርስ ቤት ድሮም ቤት አልነበረም።»

ጊዜውን መልሳ አስረዘመችው። ቅጂውም መስመሩን እንዳያንቅ ቀስ እያለ እንዲሄድ አደረገች።

ዛሬ ከምሳ በኋላ አንዱ ሰርቨር ዝም አለ። ሥራ አስኪያጁ እየሮጡ መጡ።

«ሞቷል እኮ!»

«ትንሽ ይታገሱ፣ ይመለስ ይሆናል።»

ትኬቱ እየተንቀራፈፈ መሸጡን ቀጠለ። እሳቸው ከኋላዋ ቆመው ይቁነጠነጡ ነበር። ሰርቨሩ ግን አልተመለሰም፤ ዲስኩ ተቃጥሏል። የጥበቃው ጊዜ ሲያልቅ ሌሎቹ ድርሻውን ቀስ እያሉ ቀዱ። እስከ ማታ አንድም ትኬት አልጠፋም።

«ታዲያ ለሬሳ ነዋ ቆመን የዋልነው፣» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«የሞተውን መጠበቅ ያደክማል ጌታዬ። ያልሞተውን መቅበር ነው የሚያጠፋን።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ይመኗት አይመኗት አላወቀችም፤ ለመጠየቅም አቅም አልነበራትም።

ቤት ስትደርስ ባሏ ሾርባ እያሞቀ ነበር።

«ዛሬስ የጥበቃውን ልክ አገኘሽው?»

«ልክ የሚባል ነገር የለውም። ብታሳጥረው ይሄ፣ ብታስረዝመው ያ። የምትችለውን መከራ መምረጥ ነው።»

«እና የትኛውን መረጥሽ?»

ሾርባውን ሊሰጣት ዞረ። አንድ ጫማዋን አውልቃ፣ ሌላውን እንዳደረገች ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሏታል።