ከዘመመው ችካል የተነሣ ልክ

ባለቤቴ ያስቆፈረው የውኃ ጉድጓድ ከሰሊጥ ማሳችን ጥግ፣ ከላሎው ዛፍ አጠገብ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ጎናችን የሚያርሰው ባለሀብት ድንበሩን በሌዘር ስካነር የሚለካ ባለሙያ ከጎንደር አመጣ። መሣሪያው በሦስት እግሩ ቆሞ፣ ራሱን እያዞረ ማሳውን ቃኘ። በወጣው ካርታ ጉድጓዱ የባለሀብቱ ሆነ። ከግርጌው «ትክክለኛነት፦ ሁለት ሳንቲ ሜትር» ይላል።

እኔም ሸሕዲ ሄጄ ሌላ ባለሙያ ከነስካነሩ ይዤ መጣሁ። በሱ ካርታ ጉድጓዱ የኔ ሆነ። ግርጌው ላይ ያው፣ «ሁለት ሳንቲ ሜትር»። በሁለቱ መስመሮች መካከል ግን የተጫነ ጋሪ ያልፋል።

የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ጠራን። ሊቀ መንበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የባለሀብቱን ካርታ እንድቀበል የጣት አሻራ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«መጻፍ አውቃለሁ፣ አያ።»

«እንግዲያማ ፈርሚ፣ ልጄ። ማሽን አይዋሽም።»

«ማሽኖቹ ሁለት ናቸው። የማይዋሸው የትኛው ነው?»

ባለሀብቱ ሳቀ። «እሜቴ፣ ሟቹም ትራክተር ሲገዙ እንዲህ ይከራከሩ ነበር አሉ።»

«ተከራክሮ የገዛው ዛሬም ያርሳል። ያንተው ከረግረጉ ወጣ?»

አሁን ሰዉ ሳቀ።

ባለሙያዎቹን ከምን ተነሥታችሁ ለካችሁ፣ ሁለት ሳንቲውንስ በምን አረጋገጣችሁ ብዬ ጠየቅሁ። የሱ ባለሙያ የተነሣው ከድንበሩ የብረት ችካል ነው። የኔው ከኮረብታው ሥር ካለው ቋጥኝ። ቁጥሩን ግን ሁለቱም ከፋብሪካው መመሪያ ገልብጠውታል፤ ማሳው ላይ የፈተሸው የለም።

የሱ ባለሙያ ችካሉን ሲጠራ ነገሩ ገባኝ። ጥቁሩ አፈራችን በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ የተተከለበትን ሁሉ ይገፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጎረቤታሞች ድንበሩን አብረው ዞረው፣ በቋጥኙ እያመሳከሩ ችካሉን ያቃናሉ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ግን የጠራኝ የለም። ሴት ድንበር አትዞርም ተባለ፤ ችካሉም እንደዘመመ ቀረ።

«ያንቺው ላንቺ ፈርዷል፤ ምን ቸገረሽ?» አሉኝ ሊቀ መንበሩ።

«የኔውም አይበቃኝም። ሁለቱም ከቋጥኙ ይነሡ። ቀትር ላይ አየሩ ሲንቀለቀል ሳይሆን በማለዳ ይለኩ። በሜትር ገመድ የለካነውን ርቀት በመሣሪያቸው ለክተው ስንት እንደሳቱ ይጻፉ፤ ከየት እንደተነሡና በስንት ሰዓት እንደለኩም እንዲሁ። አጻጻፉ ለሁለቱም አንድ ይሁን። ያን ጊዜ ጉድጓዱ ወደሱ ቢወድቅ እፈርማለሁ። ከዚያ በፊት ግን እጄን ብትቆርጡትም አይፈርምም።»

ኮሚቴው ተማከረ። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ እንዳልሁት እንዲለካ ቀጠሩ።

ትናንት ማታ ዝናብ ጣለ። ዛሬ ጠዋት የባለቤቴን ድጅኖ ይዤ ወጣሁ። እሱ ይጨብጥበት የነበረው ቦታ ለስልሷል፤ እኔም እዚያው ላይ ያዝሁት። ባለሀብቱን «ና፣ ችካሉን እናቅና» ብዬ አስጠራሁት። እስኪመጣ ከጉድጓዱ ውኃ ቀድቼ ጠጣሁ፤ ችካሉ ዘንድም ቆሜ ጠበቅሁት።