የቁሐር ከብት ዜሮ የሆነበት ሳምንት

ከተመረቅኩ በኋላ ሰው የሚጠቀምበት ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ወረታ፣ ግብርና ቢሮ ተቀጥሬ ነው፤ ለከብት ክትባት። የክፍል ጓደኞቼ አዲስ አበባ ባንክ ገብተው ስለ ኔትወርክ ሲያወሩ እኔ ጎርባ የሚባል በሽታ ስም እየተማርኩ ነበር። ጎርባ የከብቱን ጭን አሳብጦ በሁለት ቀን ይገድለዋል። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በላይ ለማወቅም አልፈለግኩም። ቁጥር አምጡልኝ፣ እደምርላችኋለሁ፣ ነበር የቢሮውን ሰዎች ያልኳቸው።

ሥራው ቀላል ነው። በየቀበሌው ያለው የልማት ሠራተኛ ገበሬውን እየጠየቀ ቅጽ ይሞላል፤ ስም፣ ጎጥ፣ የከብት ብዛት። የኛ ጸሐፊ ቅጹን ኮምፒውተር ላይ ትገለብጣለች። ፕሮግራሜ በየቀበሌው ደምሮ ስንት ክትባት እንደሚያስፈልግ ያወጣል፤ በዚያ መሠረት ደብዳቤ ተጽፎ ባሕር ዳር ይሄዳል። በቃ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ግማሹን መብራት ስጠብቅ ነው ያሳለፍኩት።

ሰኞ ዕለት ዝርዝሩን አትሜ ለእንስሳት ሐኪሙ ሰጠኋቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። የፎገራን ሜዳ በሞተር ሲዞሩ ያረጁ፣ መፋቂያ ከአፋቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች አዩና ቁሐር ሚካኤል የሚለው ቀበሌ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ዜሮ ይላል።

«ቁሐር ከብት የለም?» አሉኝ።

«ዳታው የሚለው እንደዛ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ እዛ ስሄድ መንገድ የሚዘጋብኝ ምንድን ነው፣ ዶሮ?»

የልማት ሠራተኛው ሳይሞላው ቀርቶ ይሆናል አልኩ። ቅጾቹ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምረው ነበር፤ አንዱን እንኳ ገልጬ አላየሁም። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ደሞ በማዕረግ ነው የተመረቅኩት። እንደዛ ነበር የማስበው።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ሴትዮ ከቁሐር በእግራቸው መጡ። ባላቸው ሞተዋል፤ ሩዛቸውን ወንድማቸው ነው በሁለት በሬዎቻቸው የሚያርሱላቸው። ይፋግ አካባቢ ያሉ አማታቸው በአንድ ሳምንት ሁለት በሬ በጎርባ እንደሞተባቸው ነገሩን። ገበያ ላይ ደሞ ቁሐር ከክትባቱ ተረስቷል ሲባል ሰምተዋል። ደብዳቤውን የሚወስደው መኪና ሐሙስ ጠዋት ነው የሚነሳው። ከዚያ ካለፈ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፣ ማንም አይገባም።

«እታለም፣ በሬዎቼ ከሄዱ መሬቱ ጦሙን አደረ ማለት ነው» አሉኝ።

ልርዳቸው ብዬ እስክሪብቶ አነሳሁ። ከብትዎ ስንት ነው? አልኳቸው። «እግዜር ይመስገን» አሉ። እሺ ግን ስንት? «አሉ፣ ተመስገን።» ለሦስተኛ ጊዜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስጠይቅ አሳዳጊ የበደላት ልጅ እንደምትታይ አዩኝ። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ይስቃሉ። ከብትና ልጅ አይቆጠርም፣ ዓይን ይበላዋል፣ ነገ ጠዋት ድረስ ብትጠይቂያቸው አይነግሩሽም አሉ።

ታዲያ ካልተናገሩ ቅጹ ላይ ምን ተጻፈ? ይሄ ጥያቄ እዛው ሊመጣልኝ ይገባ ነበር። አልመጣልኝም። ተናድጄ ወደ ኮምፒውተሬ ዞርኩ። ሴትዮዋም ነጠላቸውን አጣፍተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ ቁሐር ወረቀቱ ላይ መግባቱን ሳያዩ እንደማይሄዱ ለጋሼ ነገሯቸው።

ዲበገር የሚባል ነገር አለ። ፕሮግራሙን ዝም ብሎ ከማስሮጥ ይልቅ መስመር በመስመር እያስቆሙ የሚያስኬዱበት መሣሪያ ነው። የጠረጠራችሁት መስመር ላይ ቀይ ነጥብ ታስቀምጣላችሁ። ፕሮግራሙ እዛ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ መስመሩ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ አንድ ቁልፍ በተጫናችሁ ቁጥር አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ በየእርምጃው በእጁ ምን እንደያዘ ታያላችሁ። ተማሪ ሆኜ እጠላው ነበር። ለቀርፋፋ ሰው የተሠራ ነበር የሚመስለኝ።

የቁሐር የመጀመሪያው ገበሬ ላይ ነጥብ አስቀመጥኩ። ቆመ። ተጫንኩ፣ ስም ገባ። ተጫንኩ፣ ጎጥ ገባ። ብዛቱን ወደ ቁጥር የሚቀይረው መስመር ላይ ደረሰ፤ ተጫንኩ፤ ምንም ሳይል አለፈው። ድምሩ ዜሮ እንዳለ ነው። ሁለተኛው ገበሬ፣ ሦስተኛው፣ ያው።

ለምን ዝም እንደሚል ከገባኝ በኋላ ትንሽ አፈርኩ። ለኃላፊው ፕሮግራሙን ባሳየሁበት ቀን መሀል ላይ ቆሞ እንዳያዋርደኝ ብዬ ከላይ አንድ መስመር አስገብቼ ነበር፤ ስህተት ካጋጠመህ ዝለለው የሚል። በኋላ አወጣዋለሁ ብዬ ረሳሁት። አሁን ሰረዝኩትና እንደገና አስነሳሁ። የመጀመሪያው ገበሬ ላይ ጮኸ፤ ይሄ ቁጥር አይደለም አለኝ።

ምንድን ነው ታዲያ? የብዛቱ ሳጥን ውስጥ ያለውን አየሁት። ኮፍያ ያደረገ የፈረንጅ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ የገንዘብ ምልክት፣ ድብልቅልቅ ያለ ነገር። ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ጸሐፊዋ ላይ ጮኽኩ። እሷ ከኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠራች ሴት ናት። ሹራብ መሥሪያዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

«እኔ የተጻፈልኝን ነው የመታሁት። አንቺ ግን ቅጹን አንድ ቀን አይተሽዋል?»

አላየሁም። ያኔ የአማርኛ ጽሑፍ በአማርኛ ፎንት ካልተከፈተ እንደዛ ተበላሽቶ እንደሚታይ አውቅ ነበር፤ ስምና ጎጡም እንደዛ ነው የሚታየኝ። ከብዛቱ ሳጥን ቁጥር ብቻ ስለጠበቅኩ ግን እዛ አማርኛ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ድብልቅልቁን ገልብጬ የደብዳቤ መጻፊያው ላይ ለጠፍኩትና ፎንቱን ቀየርኩ። ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ጉራች፣ ሻሼ።

የቁሐሩ የልማት ሠራተኛ የዛው አገር ልጅ ነው። ስንት አለዎት ብሎ እንደማይጠየቅ ያውቃል። ስለዚህ እነማን አሉ ብሎ ነው የጠየቀው። ገበሬው የከብቱን ስም ይጠራል፣ እሱ ይጽፋል፤ መቁጠሩ የመሥሪያ ቤት ሥራ ነው ብሎ ለኛ ትቶታል። የሌሎቹን ቀበሌዎች ቅጽ ያኔ ገለጥኩ። አብዛኛው ክብ ቁጥር ነው፤ አሥር፣ አምስት፣ አሥር። በዓይን ተገምቶ የተሞላ። ፕሮግራሜ ግምቱን ሁሉ አሜን ብሎ ተቀብሎ ከብቱን አንድ በአንድ የጻፈውን ቀበሌ ዜሮ አድርጎታል።

ማስተካከሉ ቀላል መሰለኝ። በስሞቹ መሀል ያለውን ነጠላ ሰረዝ ይቁጠር አልኩት። ቁሐር ከዜሮ ተነስቶ ጥሩ ቁጥር አወጣ፣ ልዘል ነበር። እጄ ግን ቀዩን ነጥብ መልሶ አስቀመጠ፤ የጠዋቱ እፍረት ገና አልወጣልኝም። አንዱ ገበሬ ላይ አስቁሜ አየሁ፤ አራት ስም አለ፣ ፕሮግራሙ ሦስት ይላል። በአራት ስም መሀል ያለው ሰረዝ ሦስት ነዋ። ከየቤቱ አንድ ከብት እየጣልኩ ነበር። አንድ ጨመርኩበት።

ከዚያ ሴትዮዋን አስገባኋቸው። ቁጥር አልጠራሁም። ከስማቸው ትይዩ ያለውን አነበብኩላቸው።

«ቡሬ።»

«አዎ።»

«ጉራች።»

«እሱም አለ።»

«ሻሼ። ዳሜ።»

«በቃ፣ እነሱ ናቸው» አሉ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩትና ዓይንሽ አይክፋ ብለውኝ ወጡ።

ረቡዕ አዲሱን ዝርዝር አተምኩ። ጋሼ ተቀብለው ድምሩን በእስክሪብቶ ሰርዘው ከፍ ያለ ቁጥር ጻፉበት። ስንት ተሰቃይቼ ያወጣሁትን! ቁጥሩ ትክክል ነው፣ በየመስመሩ አስቁሜ አይቼዋለሁ ብዬ ተከራከርኩ።

«ፕሮግራምሽማ ትክክል ነው» አሉ። «ከብት ግን ይወልዳል።»

ክትባቱ ሲመጣ ዝርዝሩን ይዤ ቁሐር አብሬ ወረድኩ። ጭቃው ጫማዬን አውልቆ አስቀረው። ጋሼ ስሙ ካልተጠራ ከብት አይወጉም፤ ካለዚያ የጎረቤት ቀበሌ ሁሉ እየነዳ ይመጣል። እኔ ስም እጠራለሁ፣ ባለቤቱ ያቀርባል። የሴትዮዋ ተራ ደረሰ። ቡሬ ተወጋ፣ ጉራች ተወጋ፣ ሁለቱ ላሞች ተወጉ። ከሻሼ ኋላ አንዲት ጥጃ ተከትላ ገባች። ዝርዝሬ ላይ የለችም።

«ይቺ ማን ትባላለች?» አልኳቸው።

«ገና ናት። ጠጉሯ እስኪለይ ስም አናወጣም።»

ወደ ጋሼ ዞርኩ። መርፌውን ይዘው ይጠብቁኛል፤ መድኃኒቱ አለ፣ እሳቸው ጨምረው አዘዋል። ስም ግን ያስፈልጋል። ሴትዮዋ የጥጃዋን አንገት እንደያዙ ቆሙ። ከኋላቸው የተሰለፈ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ክርስትና ልታስነሷት ነው ወይ አለ፤ ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። አማታቸው ደጅ የሞቱትን ሁለት በሬዎች ሄደው አይተዋቸዋል።

ጎንበስ ብለው ግንባሯን አዩ፣ ጆሮዋን ገለጥ አደረጉ።

«ወለላ ብለሽ ጻፊ» አሉኝ።

ከዳሜ ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ አድርጌ ጻፍኳት። ጋሼ ወጓት፣ ጮኸችና እናቷ ሥር ገባች። የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ።